አብሮ ተጓዥ ሲቀር

መንገድ ሊወጣ የተነሣ ሰው ባልንጀራው ቢቀርበት ምን ያድርግ? ብቻውን ይሂድ ወይስ እሱም ይቅር? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉ ይነሣል። ወራት የፈጀ ዕቅድ፣ ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመ ገንዘብ፣ የውሰት ጃኬት፣ ከቤት የተላከ ዳቦ ቆሎ ሁሉ ተዘጋጅቶ ሳለ አንዱ ይመጣና «እኔ እንኳ አልችልም» ይላል። ያን ጊዜ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ቸኩሎ «አንተ ካልሄድክ ማን ይሄዳል! ሁላችንም እንቀራለን» ብሎ ይፎክራል። ሌላው በልቡ «ያጠራቀምኩት ገንዘብስ?» ይላል፤ አፍ አውጥቶ ግን አይናገረውም።

እኛ በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ማለት ፈለግን። ጎንደር ላይ ተምረን ከወጣን ዓመታት ቢቆጠሩም ጉዳዩ ዛሬም ከአእምሯችን አልወጣምና።

መጀመሪያ ያን ፉከራ እንመርምረው። «አንተ ካልሄድክ እኔም አልሄድም» ሲሉት የፍቅር ቃል ነው፤ ለሰሚውም ደስ ይላል። ደስታው ግን ከአንድ ሌሊት አያልፍም። በማግስቱ የቀረው ሰው የራሱ ችግር አልበቃ ብሎት የአራት ሰው ዕረፍት ያበላሸ እሱ መሆኑን ማሰብ ይጀምራል። ማንም ሳይከሰው ይቅርታ መጠየቅ ያበዛል። እነዚያ የቀሩለት ደግሞ ቀን በረዘመ ቁጥር፣ ምንም ባይናገሩ እንኳ፣ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ይውላሉ። እንግዲህ ይኸ መቅረት ስጦታ ነው ወይስ ብድር? እኛ እንዳየነው ብዙ ጊዜ ብድር ነው፤ ከነወለዱ።

ይሁን እንጂ «እንግዲያው ሂድ፤ ምን ቸገረህ» ማለትም አይበቃም። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ እንደኛ አላወቁትም፤ ብቻውን የሚሄድ እምብዛም አልነበረምና። የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር በሊማሊሞ ወርዶ ወደ ምጽዋ፣ ወይም በምዕራብ ወደ መተማ ሲጓዝ ሽፍታውን የሚያልፈው፣ የኬላውን ሹም የሚከራከረው በቁጥሩ ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ እንኳ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። አንዱ ቢታመም ወይም ሐዘን ቢደርስበት፣ ጉዞው የጓዱ ሁሉ ነውና የሚሄደው ይሄዳል፤ የሚቀረውም ሸቀጡንና መልእክቱን በአደራ ይሰጣል። ዛሬ አውቶቡስ መጣ። ትኬት የቆረጠ ሁሉ ብቻውን ይሳፈራል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስም ሳያውቅ ይወርዳል። «ልሂድ ወይስ ልቅር» የሚለው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ የያንዳንዳችን ሆነ። አውቶቡሱ ያልወሰደልን ነገር ግን አለ፤ እሱም አደራው ነው።

በዚህ በኩል ጎንደር የሁለት እንግዶች ታሪክ አላት። ሁለቱም ከባልንጀራ ጋር ተነሥተው ያለባልንጀራ የቀሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ታላቁ ኢያሱ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ሐጂ ዓሊ የተባለ መልእክተኛ ወደ ካይሮ ልኮ ነበርና ፖንሴ ከሱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1698 ጉዞ ጀመረ። ደ ብሬቭዳን የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስም ማንነቱን ደብቆ፣ ዮሴፍ የሚባል የሐኪሙ አሽከር መስሎ አብሮ ተነሣ። ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠው፣ ስናርን አልፈው፣ በ1699 ጎንደር ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ቄሱ ባርኮ በምትባል ስፍራ ታሞ ሞተ። ከተማይቱን ሳያያት ቀረ። ፖንሴ ግን ገባ፤ ንጉሡን አከመ፤ አገሩ ሲመለስም የጉዞውን ታሪክ ጻፈ። በጽሑፉም ውስጥ ቄሱ አለ፦ ማን እንደ ነበረ፣ የት እንደ ሞተ፣ ሞቱ ምን ያህል እንዳሳዘነ።

ሁለተኛው ስመ ጥሩው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ወርዶ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ፤ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምም ተቀመጠ። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ነበር። ከሰሜን አፍሪካ ጀምሮ ያልተለየው፣ የጥንቱን ፍርስራሽ እየለካ የሣለለት፣ የአገራችንን ዕፅዋት በቀለም ያስቀረለት ይኸ ሰው ነው። በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስም ባሉጋኒ አብሮት ነበር። በ1771 ግን እዚሁ ጎንደር ሞተ። ብሩስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያለሱ ወጥቶ በስናር በኩል አገሩ ገባ። ከዚያ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ ሆኖ ተጻፈ! የዓባይን ምንጭ ያየ አውሮፓዊ ብሩስ ብቻ እንዲሆን የባልንጀራው ሞት በወራት ወደ ኋላ ተገፋ። ከብሩስ ወረቀቶች መካከል የተገኙት የባሉጋኒ ማስታወሻዎች ናቸው ነገሩን ያወጡት። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ ምንጩን በ1618 ማየቱንም ብሩስ አምኖ አልተቀበለም።

እንግዲህ ፍረዱ። ብሩስ ባልንጀራውን ቀብሮ መንገዱን መቀጠሉ ነውር ነበርን? አልነበረም። ፖንሴም ቀጥሏል። ጎንደር ተቀምጦ ቢያለቅስ ለማን ይጠቅም ነበር? ነውሩ የመጣው በኋላ ነው፤ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያወራ። ሁለቱ ሰዎች የሚለያዩት በእግራቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው።

ይህን ካልን የራሳችንን እንናገር። መቼም የኛ ጉዞ ከነዚህ ጋር የሚስተካከል ሆኖ አይደለም።

በ2007 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አምስት ጓደኛሞች ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነበር። መድረሻችን ከአምስታችን የአንዱ ቤት ነበር፤ ጃናሞራ ውስጥ፣ ከቧሂት ወዲያ። ለእናቱ ለገበያ በወረደ ሰው «ከአራት ጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ» ብሎ ልኮባቸዋል። ቀኑንም ቆርጧል። እዚያ መንደር ስልክ አይሠራም ነበርና የተላከ ቃል አይመለስም። ልንነሣ ሦስት ቀን ሲቀረን ልጁን ትኩሳት ጣለው። ሐኪሙ ታይፎይድ ነው ብሎ አስተኛው።

ያን ማታ ከላይ ያልነው ፉከራ እኛም ክፍል ውስጥ ተፎከረ። የታመመው ልጅ ሲሰማ ግን ተቆጣ። «እናቴ በቀኑ አፋፍ ላይ ወጥታ መንገድ መንገዱን ታያለች። ማንም ካልመጣ ሞተ ብላ ነው የምታድር። ሂዱልኝ!» አለ። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለበጠ። እስከዚያ ድረስ መሄድ ለኛ ደስታ፣ መቅረት ለሱ ክብር መስሎን ነበር። ለካ መሄዳችን ነው ለሱ የሚጠቅመው! ግን ደግሞ በሽተኛ ያለአስታማሚ አይተኛም፤ ማን ሾርባ ያቀርብለታል፣ ማን መድኃኒት ገዝቶ ይመጣለታል? ስለዚህ አንዱ ጓደኛችን «እኔ እቀራለሁ» አለ። ሰሜንን አይቶ የማያውቅ፣ ከሁላችንም ይልቅ ለጉዞው የቋመጠ ልጅ ነበር። ዕጣ እንጣል ብንለው እምቢ አለ። የሁለቱን የጉዞ ድርሻ ለመድኃኒትና ለምግብ እዚያው ተውንላቸው። ሦስት ሆነን ተነሣን።

በሽተኛው ሲሸኘን አደራ አለን፦ «እናቴን ፈተና ይዞት ነው በሏት።»

ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደባርቅ ገባን። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግስቱ አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያና ከበግ ጋር ተጭነን ሳንቃበርን እንዳለፍን መኪናው ተበላሸ። ከገበያ የሚመለሱ የግጭ ሰዎች «እዚህ ብርድ ላይ ከምታድሩ ከኛ ጋር ኑ» ብለው ይዘውን ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ከፊት እየመሩ ዞር አሉና «ስንት ሆናችሁ ነው የተነሣችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። ሦስት እንደ ነበርን እያዩ ስንት ሆናችሁ ተነሣችሁ ማለታቸው ገረመን። አምስት ነበርን፣ አንዱ ታሞ አንዱ ሊያስታምም ቀረ ስንላቸው «እንዲያ ነው እንጂ፤ አላህ ይማረው» አሉ። ስንቃችንን ሲያዩት ለሦስት ሰው እንደ በዛባቸው በኋላ ነገሩን።

የግጭ መንደር ያን ጊዜ ነበረች። ቁመቷ 3,600 ሜትር ያህል ሆኖ ገብስ ብቻ የሚበቅልባት፣ ከብቱ ከሰው ጋር የሚሞቅባት፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነባት መንደር ነበረች። የገብስ ዳቦና ትኩስ ወተት ሰጡን፤ እሳቱ ዳር አስተኙን። ጧት በጅብራው መካከል አድርገን፣ እመት ጎጎ አፋፍ ላይ ቆመን ገደሉን አየን። ጭላዳዎቹ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ሣራቸውን ይነጫሉ። ጨነቅ ስንደርስ ዋልያ አየን፤ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ እንደ ሹም ቆሟል። ያን ሁሉ ስናይ ከመካከላችን አንዱ ደጋግሞ «ይኸን ነበር እሱ ማየት ያለበት» ይል ነበር። ስለ ታመመው ሳይሆን ሊያስታምም ስለ ቀረው ነው። በመጨረሻ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ የሽማግሌውን ቃል፣ የወተቱን ዕቃ፣ የጭላዳውን ደረት፣ የብርዱን ዓይነት ሳይቀር።

ሦስተኛው ቀን የቧሂትን ዳገት ወጥተን ወዲያ ማዶ ስንወርድ በልጁ አደራ ላይ ተከራከርን። አንዱ «ያለንን እንበል፤ እናት ናት፤ ምን ያስደነግጣታል» አለ። ሌላው «እውነቱን በኋላ ብትሰማ ዳግመኛ የልጇን መልእክት የምታምነው እንዴት ነው?» አለ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ውሸቱን እኛ አይደለንም የምንኖርበት፤ እሷ ናት» አለ። በዚህ ተስማማን።

እንዳለውም ሴትዮዋ አፋፉ ላይ ነበሩ። ከሩቅ ሆነው ቆጠሩን። ስንጠጋም ዳግመኛ ቆጠሩን፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን። ሰላምታ ሳይሰጡን በፊት ታላቃችን ቶሎ ብሎ «እናታችን፣ ልጅዎ በሕይወት አለ» አለ። «ትኩሳት ይዞት ሐኪም ቤት ተኝቷል። መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ስንለየው እህል መቅመስ ጀምሮ ነበር። እሱ ነው የላከን።»

እትዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ዝም አሉ። ቀጥሎ የጠየቁት ግን ስለ በሽታው አልነበረም።

«ማን አለው?»

«ጓደኛችን አብሮት ቀርቷል። ሌሊትም ቀንም አይለየውም።»

«ስሙ ማነው?»

ስሙን ነገርናቸው።

«አይደለም፤ የክርስትና ስሙን» አሉ። «ስጸልይ የምጠራው በሱ ነው።»

ደግነቱ ከመካከላችን አንዱ ያውቀው ነበር። እትዬ ሁለት ጊዜ ደጋግመው አሉት፤ እንዳይጠፋቸው። ከዚያ ተነሥተው ሳሙን፤ አንድ በአንድ። እዚህ ስሙን ያልጻፍነው እሱ ራሱ አታውጡኝ ስላለን ነው እንጂ ያች እናት እስከ ዛሬ ይጠሩታል።

ራስ ዳሸንን ልንወጣ አስበን ነበር፤ አልወጣንም። ማዶ ሆኖ አየነውና ተመለስን። በነጋታው ታላቅ ወንድሙ በቅሎ ጭኖ አብሮን ወረደ። በሶ፣ የማር ቆርቆሮና ሁለት ጋቢ ይዟል፤ አንዱ ጋቢ ለልጃቸው፣ አንዱ «ለዚያ ለቀረው።» ጎንደር ስንገባ በሽተኛው ተነሥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ወንድሙን ሲያይ አደራውን እንዳልጠበቅንለት ገባውና ቀና ብሎ አየን። ጋቢውን ሲለብስ ግን ምንም አላለም።

ከዚያ ለሁለት ማታ አወራን። ጸሐፊያችን ደብተሩን እየገለጠ፣ ሌላው የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለ፣ የቀረው ልጅ ደግሞ እንደ ዳኛ እየጠየቀ። «ወተቱ በምን ነበር የቀረበው? ውሻ ነበራቸው? እትዬ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጡ ነጠላቸውን ምን አደረጉት?» ስናልቅ «በቃ፣ እኔ ለከርሞ እሄዳለሁ» አለ።

ከርሞ ግን የታሰበውን አልሆነም። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገብቶ ነበርና፣ ግጦሹና ሰፈራው ቀንሶ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ለዋልያው መልካም ሆነ። እኛ ያደርንበት ቤት ግን የለም። ከዚያ በ2013 ጦርነት መጣ፤ እስከ ደባርቅ አካባቢም ደረሰ። ከ2015 ማብቂያ ወዲህም በክልሉ የተነሣው ግጭት ስንቱን ጉዞ እንዳስቀረ አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ «ሁላችንም እንቀር፤ ለከርሞ አብረን እንሄዳለን» ሲባል የምንሰማ ሰዎች ነገሩን አቅልለን አናየውም። መንገድ አይጠብቅም። የዘንድሮው ጉዞና የከርሞው ጉዞ አንድ አይደሉም።

ታዲያ ይህ «ሁልጊዜ ሂዱ» ማለት ነውን? አይደለም። ያ ልጅ ባይቀር ኖሮ የኛ መሄድ ጥጋብ ይሆን ነበር። አስታማሚ ከሌለ ይቀራል፤ ሐዘን ከደረሰ ይቀራል፤ መንገዱ ለብቻ የማያስኬድ ሲሆን፣ በተለይ ለሴት ልጅ ብቻዋን ሲያሰጋት፣ መቅረት ፍርሃት አይባልም። እኛ የምንለው መሄድንና መቅረትን በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አንጣለው ነው። ባልንጀራው የቀረበት ሰው እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ የቀረው ማን አለው? በኔ መሄድ የሚላክ፣ የሚደርስ፣ የሚጠየቅ ሰው አለው ወይ? ስመለስስ ለማን ነው የምተርከው? ለነዚህ መልስ ያለው ሰው ብቻውን ቢሄድም ብቻውን አልሄደም። መልስ የሌለው ደግሞ ከሃምሳ ሰው ጋር ቢሳፈርም ያው ብቻውን ነው።

«አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ይባላል። የተጓዥ አደራ ዕቃ ብቻ አይደለም። የቀረውን ሰው ከነድርሻው በወሬው ውስጥ ማስቀመጥም አደራ ነው። ብሩስ አምስት ቅጽ ጽፎ ያላገኘለትን ቦታ፣ እትዬ በአንድ ጥያቄ አገኙለት።

ያ የቀረው ጓደኛችን እስከ ዛሬ ሰሜንን አላያትም። ግን ተሰብስበን ያን ጉዞ ስናነሣ ዝም ብሎ አይሰማም። ባለፈው አንዳችን ለአዲስ ሰው እያወራ «ጨነቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ስንት ሆናችሁ ነው ብለው ጠየቁን» ሲል፣ እሱ ከማዶ ሆኖ አቋረጠው።

«ጨነቅ አይደለም፤ ሳንቃበርን እንዳለፋችሁ ነው። መኪናው የተበላሸ ለት።»

እውነቱን ነው። ደብተሩም እንዲያ ይላል።